«ሬድ ብሌንድ» ማለት የተራረፈ ወይን ነው እንዴ? ሁለት ጠርሙስ ስጦታ ደርሶኝ ግራ ገባኝ

ናሆም_የማታው

ሰላም ለዚህ ቤት። ስለ ወይን የማውቀው ቀይና ነጭ መኖሩን ብቻ ነው። እንዳትስቁብኝ።

የምኖረው ካሊፎርኒያ ነው። መጋዘን ውስጥ በማታ ፈረቃ እሠራለሁ። ባለፈው ሳምንት አለቃችን ጡረታ ወጣና ለእያንዳንዳችን ሁለት ሁለት ጠርሙስ ቀይ ወይን ሰጠን። ጠርሙሱ ላይ በቅሎ የሚጎትተው ጋሪና ጢሙን ያንዠረገገ ሽማግሌ ተስሏል። ከሥሩ «ከ1880ዎቹ ጀምሮ በአንድ ቤተሰብ እጅ» ይላል። ከዚያ በትልቁ «ሬድ ብሌንድ»። በቃ። ካበርኔ አይል፣ መርሎ አይል። ጀርባው ላይ «ሰርቲፋይድ ሰስቴይነብል»፣ ዘላቂነቱ የተረጋገጠ እንደማለት፣ የምትል አርማ አለች። አልኮሉ 14.5 በመቶ ነው።

አንዱን ቅዳሜ ማታ ከባለቤቴ ጋር ከፈትነው። መጀመሪያ ላይ ደስ ይላል፤ እንጆሪ እንጆሪ ይሸታል። ቆየት ሲል ግን አፍ ያደርቃል። ባለቤቴ መስታወት ፊት ቆማ ጥርሷን ስታይ ጮኸች። ከሰል ያኘከች ነበር የምትመስለው። ጠርሙሱ ሲያልቅ ደግሞ ታች ጥቁር አተላ ተኝቶ አገኘሁ።

አንድ የሥራ ባልደረባዬ «ብሌንድ ማለት ከየበርሜሉ የተራረፈውን አንድ ላይ ገልብጠው የሚሸጡት ነው፤ አለቃችን ረክሶ አግኝቶት ነው» አለኝ። እውነት ነው? ሰስቴይነብል ሲልስ ኬሚካል የለውም ማለት ነው? አተላውስ የመበላሸት ምልክት ነው?

ሁለተኛውን ጠርሙስ ልጄ ከአራት ዓመት በኋላ ስትመረቅ እንከፍተዋለን ብዬ ፍሪጅ አናት ላይ አስቀምጬዋለሁ። ባለቤቴ «ያኔ ኮምጣጤ ሆኖ ነው የምታገኘው» ትላለች። ተወራርደናል። የተሸነፈ አንድ ወር ሙሉ ዕቃ ያጥባል።

ዝምተኛው

የባልደረባህን ወሬ ተወው። ብሌንድ ማለት ቅልቅል ነው፤ ከተለያየ የወይን ፍሬ ዓይነት የተሠራ። የፈረንሳዩ የቦርዶ አካባቢ ታላላቅ ቀይ ወይኖች አብዛኞቹ ቅልቅል ናቸው። ካበርኔ ሶቪኞ፣ መርሎ፣ ካበርኔ ፍራንክ፣ ትንሽ ፔቲ ቬርዶ። ፊት ለፊት ስለማይጽፉት ነው ሰው የማያውቀው። ሌላውን የሚያውቅ ይጨምርበት።

የሴላሯ_ልጅ

ናሆም ወንድሜ፣ መጀመሪያ ጠርሙሱን ከፍሪጅ አናት አውርደው። አሁኑኑ። የቀረውን ከዚያ በኋላ ታነባለህ።

ፍሪጅ ሙቀቱን ወደ ውጭ ይተፋል። ሞተሩም በተነሳ ቁጥር ያንቀጠቅጠዋል። ወይን የማይወዳቸውን ሁለት ነገሮች አንድ ላይ ነው የሰጠኸው። ጨለማ ያለበት፣ ሙቀቱ ከፍ ዝቅ የማይል ቦታ ፈልግለት። ቡሹ እንዳይደርቅ በጎኑ አጋድመው። 13 ዲግሪ አካባቢ ቢሆን ሸጋ ነበር፤ ቤት ውስጥ ያ ከየት ይመጣል፣ ቁምሳጥን ሥር ይበቃል።

አሁን ወደ ጥያቄህ። እኔ እዚሁ ካሊፎርኒያ የአንድ ቤተሰብ ዋይነሪ (የወይን መጥመቂያ) ሴላር፣ በርሜሎቹ የሚቀመጡበት ክፍል፣ ውስጥ እሠራለሁ። ዘንድሮ 12ኛ ለቀማዬ ነው። የጀመርኩት በርሜል በማጠብ ነው። አሁንም አጥባለሁ፤ ልዩነቱ የቅልቅሉ ጠረጴዛ ላይ ወንበር ተሰጥቶኛል። ስለዚህ «የተራረፈ» የሚለው ቃል ትንሽ ቆንጠጥ አደረገኝ።

የቅልቅል ቀን ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው። ሴላሩ ይበርዳል፤ ጃኬት ለብሰን ነው የምንቀመጠው። ሽቶ የተቀባ ሰው አይገባም። ጠዋት ላይ በረጅም የመስታወት ቱቦ ከየበርሜሉ እቀዳለሁ። በትንንሽ ጠርሙስ አድርጌ የወረቀት ፕላስተር ለጥፌ ቁጥር እጽፍበታለሁ። ጠረጴዛው ላይ ነጭ ወረቀት ይነጠፋል፣ ቀለሙ እንዲታይ። አንድ መቶ ሚሊ ሊትር የሚይዝ መለኪያ፣ ፒፔት፣ ብዙ ብርጭቆ፣ መትፊያ ባልዲ። አዎ፣ እንተፋለን። ሠላሳ ብርጭቆ ቀምሶ የዋጠ ሰው ከሰዓት በኋላ ለምስክርነት አይሆንም።

ባለቤቱ ሽማግሌ ናቸው፤ ዋይነሪውን ከአባታቸው ነው የወረሱት። ሁሉም ውጤቱን ወረቀት ላይ ሳይጽፍ ማንም እንዲናገር አይፈቅዱም። እሳቸው ቀድመው ከተናገሩ ሁላችንም እንደ እሳቸው እንደምንቀምስ ያውቃሉ።

መጀመሪያ የተቀመጥኩ ቀን የሆነውን ልንገርህ። ሁለት ብርጭቆ ፊቴ ተቀመጠ። የአንዱ ውስጥ ካበርኔና መርሎ ብቻ ነው። ሌላኛው እሱ ራሱ ሆኖ አራት በመቶ ፔቲ ቬርዶ ገብቶበታል። አራት በመቶ ማለት ከመቶው ሚሊ ሊትር አራቱ ነው፤ የሻይ ማንኪያ እንኳ አይሞላም። በልቤ «ይሄ ጨዋታ ነው» አልኩ። የትኛው የትኛው እንደሆነ ሳይነግሩኝ ቀመስኩ። አንደኛው ጥሩ ጀምሮ መሃል ላይ ይጠፋል፤ እያወራ እያለ ስልኩ እንደተቋረጠበት ሰው። ሁለተኛው እስከ ጉሮሮ ድረስ ይከተላል። ቀለሙም ነጩ ወረቀት ላይ ሲታይ ጠቆር ብሏል። በዚያች አራት ሚሊ ሊትር። ከዚያ ወዲህ አፌን ዘጋሁ።

ካበርኔ ሶቪኞ አጥንቱ ነው። ቆዳው ወፍራም ስለሆነ ያ አፍ የሚያደርቀው ነገር፣ ታኒን የሚባለው፣ ይበዛበታል። መርሎ ሥጋው ነው፤ ለስለስ ያለና ሞላ ያለ። ካበርኔ ፍራንክ ሽታ ይሰጣል። ፔቲ ቬርዶ እንደ በርበሬ ነው፣ ከበዛ ሁሉንም ያጠፋል። ደግሞ የሚበስሉት በተለያየ ጊዜ ነው። መርሎ ቀድሞ ይደርሳል፣ ካበርኔ ይዘገያል። መስከረም ላይ ሙቀት ቢመታን ወይም ዝናብ ቢቀድመን አንዱ ቢጎዳ ሌላው ይተርፋል። ቅልቅል ለገበሬው ዋስትናም ነው።

በነገራችን ላይ ፊቱ ላይ «ካበርኔ» ብቻ የተጻፈበት ጠርሙስም ብዙ ጊዜ ቅልቅል ነው። በአሜሪካ ሕግ የወይኑን ዓይነት ስም ለመጻፍ 75 በመቶው ከዚያ ዓይነት ከሆነ ይበቃል። የቀረው 25 በመቶ ሌላ ሊሆን ይችላል፤ ማንም የመናገር ግዴታ የለበትም። ባልደረባህ ካበርኔ እጠጣለሁ ብሎ የሚኮራ ከሆነ ይህንን ሹክ በለው።

ግን ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተም፤ እውነቱን ልናገር። እኛ ጋ «ድስቱ» የምንለው ታንክ አለ። የማይሆነው ሁሉ እዚያ ይገባል። አብዛኛው በጅምላ ለሌላ ይሸጣል። የት ሄዶ በምን ስም እንደሚወጣ አላውቅም። አንድ ዓመት ደግሞ በረዶ ለጋውን መታብንና ምርቱ ግማሽ ሆነ። ከሌላ ቦታ ያለቀለት ወይን በቦቴ መኪና ገዛን። ያንኑ አሽገን የድሮውን የአያትየውን ፎቶ ለጠፍንበት። ማሽኑ ላይ ቆሜ ፎቶው በፊቴ ሲያልፍ ቀኑን ሙሉ ደበረኝ። አያትየው በሕይወታቸው ያላዩት መሬት ላይ የበቀለ ወይን ነው። ሕገ ወጥ አይደለም። ግን ደበረኝ።

ለዚህ ነው ፊት ለፊት ያለውን በቅሎና ጢም ትተህ ጀርባውን አንብብ የምልህ። ታች በደቃቁ የተጻፈችውን። «ፕሮዲውስድ ኤንድ ቦትልድ ባይ» ካለ ቢያንስ 75 በመቶውን ያፈሉት ራሳቸው ናቸው። «ሴላርድ» ወይም «ቪንትድ» ካለ ሌላ ቦታ ፈልቶ እነሱ ጋ አርፎ የታሸገ ሊሆን ይችላል። «እስቴት ቦትልድ» ካለ ደግሞ ወይኑ መቶ በመቶ እነሱ ከሚያዙበት መሬት ነው፤ ማፍላቱም ማሸጉም እዚያው። «ሪዘርቭ» እና «ኦልድ ቫይን» የሚሉት እዚህ አገር በሕግ ትርጉም የላቸውም። የፈለገ ይጽፋቸዋል።

ያንተ ምን ይላል? እየውና ንገረኝ። እስከዚያ አንድ ነገር ልገምት። የባለቤትህ ጥርስ ከጠቆረ ውስጡ ፔቲት ሲራ አለ። ያቺ ፍሬ ትንሽ ናት፣ ቆዳዋ ብዙ ነው። እኔም በለቀማ ሰሞን እጄን ሳይ የመካኒክ ነው የሚመስለው፤ በሎሚም አይለቅም።

ስለ አተላው አትጨነቅ። ብዙ ዋይነሪ ሳያጣራ ያሽጋል። ጉሽ ነው በለው። ቀለምና ታኒን ተያይዘው ታች ይቀመጣሉ። አይጎዳም፤ ጥርስ ሥር ግን እንደ አሸዋ ይንቀጫቀጫል።

ገለታ_አሮጌው

የሴላሯ ልጅ በደንብ አስረድታሃለች። እኔ በታሪኩ በኩል ትንሽ ልጨምር፤ ጡረተኛ ስለሆንኩ ጊዜ አለኝ።

«ከ1880ዎቹ ጀምሮ» የሚል ጽሑፍ ሲያጋጥምህ መጠየቅ ያለብህ ከ1920 እስከ 1933 ምን ሠርተው ነበር ብለህ ነው። በእነዚያ 13 ዓመታት አሜሪካ ውስጥ መጠጥ መሸጥ በሕገ መንግሥት ክልክል ነበር። አብዛኞቹ የካሊፎርኒያ ዋይነሪዎች ያኔ ተዘጉ። የተረፉት መላ የነበራቸው ናቸው። ትልቁ መላ የቤተ ክርስቲያን ወይን ነበር፤ ለቅዱስ ቁርባን የሚሆነው አልተከለከለም። እዚሁ ካሊፎርኒያ ሊቨርሞር ሸለቆ ውስጥ በ1883 የተመሠረቱ ሁለት ስሞች አሉ። አንደኛው ከጀርመን የመጣው የካርል ዌንቴ ነው፣ ሁለተኛው ከአየርላንድ የመጣው የጄምስ ኮንካነን። ኮንካነን ገና ሲጀምር የቅዳሴ ወይን ለማምረት ብሎ ነው የተነሳው። የዌንቴ ቤት እስከ ዛሬ በቤተሰቡ እጅ ነው፤ አምስተኛው ትውልድ ላይ ደርሷል።

ሌላው መላ ደግሞ ያስቃል። ሕጉ አንድ ቤተሰብ ለራሱ በዓመት እስከ 200 ጋሎን የፍራፍሬ ጭማቂ ቤቱ ውስጥ እንዲያዘጋጅ ይፈቅድ ነበር። ወደ 757 ሊትር ነው። ጭማቂው ቤት ውስጥ ቆይቶ ምን እንደሚሆን ሁሉም ያውቃል፤ መንግሥትም ያውቃል። ስለዚህ ወይኑ እንደ ፍሬ በባቡር ወደ ምሥራቅ ከተሞች ተጫነ። ተፈላጊው አሊካንቴ ቡሼ የሚባለው ነበር። ቆዳው ወፍራም ነው፣ ረጅሙን መንገድ ይችላል። ውስጡ ራሱ ቀይ ነው። የብዙዎቹ ጥቁር ወይኖች ሥጋ ነጣ ያለ ሲሆን የእሱ ደም ነው የሚመስለው። ስለዚህ ውኃና ስኳር ተጨምሮበት ደግሞ ቢፈላ እንኳ ቀለሙ አይከዳም።

ከቅልቅል ጋር ምን ያገናኘዋል ብትል፣ ድሮ ቅልቅሉ የሚደረገው ጠረጴዛ ላይ አልነበረም፤ መሬቱ ላይ ነበር። ስደተኞቹ ገበሬዎች ዚንፋንዴሉን፣ ፔቲት ሲራውን፣ ካሪኛኑን፣ አሊካንቴውን አንድ እርሻ ላይ አደባልቀው ይተክሉት ነበር። በአንድ ቀን ይለቅሙታል፤ በአንድ ታንክ ያፈሉታል። አንዳንዱ እርሻ ዛሬም አለ፣ ግንዱ እንደ ሽማግሌ ጉልበት ተቆላምሞ። ባለርስቶቹ ራሳቸው የትኛው ሐረግ ምን እንደሆነ ሳያውቁ የኖሩበት ጊዜ ነበር። ዚንፋንዴል የካሊፎርኒያ ልጅ ነው ሲባል ኖሮ በ2001 በዲኤንኤ ሲመረመር ክሮኤሺያ ጠረፍ ላይ ዘመዱ ሳይሆን እሱ ራሱ ተገኘ።

ሄኖክ_ጥርጥር

ታሪኩ ጥሩ ነው ጋሼ ገለታ። ግን ያቺን አርማ ማንም አልነካትም። ሰስቴይነብል ማለት ማርኬቲንግ ነው። ቅጠል ይስላሉ፣ ሁለት ብር ይጨምራሉ። ኦርጋኒክ ካልሆነ ምን ዋጋ አለው?

የሴላሯ_ልጅ

ጋሼ ገለታ፣ እግዜር ይስጥልን። የአሊካንቴውን ነገር በእጄ ነው የማውቀው፤ ሲጨመቅ ያየ ሰው ሥጋ ቤት የገባ ይመስለዋል።

ሄኖክ፣ ግማሹን እሰጥሃለሁ። ኦርጋኒክ አይደለም፤ ናሆምም ይህንን ይያዝ። ኬሚካል የለም ማለት አይደለም። የካሊፎርኒያው የዘላቂ ወይን ማረጋገጫ በ2010 የተጀመረ ነው። አርማው ጠርሙስ ላይ እንዲወጣ ወይኑ ማረጋገጫ ባለው ዋይነሪ መሠራት አለበት። ከፍሬውም ቢያንስ 85 በመቶው ማረጋገጫ ካለው እርሻ መምጣት አለበት። ከውጭ መርማሪ ይመጣል። የውኃ ቆጣሪ ያነባል፣ የኤሌክትሪክ ቢል ያያል፣ መድኃኒት የምናስቀምጥበትን ክፍል ይከፍታል፣ ሠራተኛውን ያነጋግራል። እኔን ጠይቆኛል፤ የጥላና የመጠጥ ውኃ ነገር። ያ ለእኔ ከቅጠሉ ሥዕል በላይ ነው። በ38 ዲግሪ ሙቀት ቀንበጥ ስቆርጥ ውያለሁና።

እርሻው ላይ የሚታየው ምንድነው? በክረምት በረድፎቹ መሃል ባቄላና ሰናፍጭ ይዘራል። ባቄላው መሬቱን ያለማል፣ ሥሩ አፈሩን ይይዛል፣ ዝናብ ሲመጣ አይጠረግም። የጉጉት ሳጥን በረጅም ምሰሶ ላይ ይሰቀላል። አይጦች ሥር ይበላሉ፣ ጉጉት አይጥ ትበላለች። ጠዋት ላይ ከምሰሶው ሥር የተፋችውን የአይጥ አጥንትና ጠጉር ታገኛለህ፤ አውራ ጣት የሚያህል ድቡልቡል ነው። አለቆቻችን እንግዳ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያሳዩት እሱን ነው።

ከዚያ በጎቹ አሉ። በክረምት ሳሩን ይግጣሉ፣ ትራክተርና የአረም መድኃኒት ይቀንሳሉ። ሐረጉ ለጋ ቀንበጥ ከማውጣቱ በፊት ግን መውጣት አለባቸው። አንድ ዓመት የአጥሩን በር የመዝጋት ተራው የእኔ ነበር፤ ረሳሁት። 12 በግ ሌሊቱን ገብቶ ሁለት ረድፍ ለጋ ጨርሶ አደረ። ያውም ከሁሉ አሮጌው ረድፍ ላይ! ጠዋት ስደርስ አንዷ ቀንበጥ አፏ ላይ አንጠልጥላ ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ ረድፍ በዚያ ዓመት የለቀምነው ሁለት ሳጥን አልሞላም። ሽማግሌው አልተቆጡም፤ በጓን ብቻ በእኔ ስም ጠሯት። እስካሁን እንደዚያው ነው የምትጠራው።

አሁን አንተ ትክክል የሆንክበት። ክብደቱን አይተህ ታውቃለህ? ባዶው ጠርሙስ ብቻ ወደ ኪሎ የሚጠጋ አለ። ተራው ግማሽ ኪሎ አካባቢ ነው። መስታወት ለመሥራት እሳት ይፈልጋል፣ ለማጓጓዝም ነዳጅ። ከወይኑ ሥራ ከሚወጣው ብክለት ትልቁን ድርሻ ከሚይዙት አንዱ እሱ ነው። ወፍራም ጠርሙስ ላይ ቅጠል ለጥፎ የሚሸጥ ሳይ እኔም ያንተን ነው የምለው። እኛም እስከ ቅርብ ጊዜ እንደዚያው ነበርን። ቀላሉን ጠርሙስ እንያዝ ሲባል ሻጮቹ «ሰው ርካሽ ይመስለዋል» ብለው ሁለት ዓመት ተከራከሩ።

ናሆም፣ ያንተን ባዶ ጠርሙስ እስቲ መዝነው።

ቤቲ_ፋርማሲ

ማንም ሳይጠይቅ ልግባ፤ ቀጥሎ የሚመጣው «ሰልፋይት (ወይኑ እንዳይበላሽ የሚጨመረው) ራስ ያማል» የሚለው ስለሆነ። «ኮንቴይንስ ሰልፋይትስ» የሚለው 10 ፒፒኤም (ከሚሊዮን አሥር እጅ) እና ከዚያ በላይ ከሆነ ግዴታ ስለሆነ ነው የሚጻፈው። ቀይ ወይን አብዛኛውን ጊዜ ከነጩ ያነሰ ነው ያለው። የደረቀ አፕሪኮት ከሁለቱም ይበልጣል። አስም ያለባቸው አንዳንድ ሰዎች መጠንቀቅ አለባቸው፤ ራስ ምታቱን ግን በእሱ ብቻ ማሳበብ ይከብዳል። በ2023 የካሊፎርኒያ ተመራማሪዎች ኬርሴቲን የሚባል የፍሬው ቆዳ ውስጥ ያለ ነገር ሊሆን ይችላል ብለዋል። ሰውነት አልኮልን የሚያጠፋበትን ሥራ ያጓትታል ነው ሐሳቡ። ገና መላምት ነው። ደግሞ 14.5 በመቶ አልኮል ራሱ ራስ ያማል፣ እሱን ማን ይረሳል።

ናሆም_የማታው

በጣም አመሰግናለሁ ሁላችሁንም። ከሥራ ስገባ ባለቤቴ ኮሜንቶቹን እያነበበች ስትስቅ አገኘኋት። የበጓ ላይ ስትደርስ አቋርጣ ለእናቷ ደወለች።

ሪፖርት፦ ጠርሙሱ ወርዷል። ጀርባው «ፕሮዲውስድ ኤንድ ቦትልድ ባይ» ይላል፣ ከዚያ ቦታው «ካሊፎርኒያ» ብቻ ነው። ዓመቱ 2021። ባዶውን በወጥ ቤት ሚዛን መዘንኩት፣ 540 ግራም ሆነ። ዋይነሪውንም ኢሜይል አደረግኩ። ይመልሱልኛል ብዬ አልነበረም፤ በሁለተኛው ቀን መለሱ። ዚንፋንዴል 46፣ ፔቲት ሲራ 31፣ ካሪኛን 15፣ አሊካንቴ ቡሼ 8 በመቶ። ሳይጣራ የታሸገ ነው አሉ።

እህቴ፣ በጥርስ ነው ያወቅሽው! ባለቤቴ ከእንግዲህ የጥርስ ሐኪሟ አንቺ ነሽ ብላለች። ውርርዱስ? አራት ዓመት ይቆያል አይቆይም?

የሴላሯ_ልጅ

31 በመቶ! እኔ 15 ብዬ ነበር በልቤ። ጥርሷን ይቅርታ ጠይቅልኝ።

540 ግራም መልካም ነው፤ ሄኖክ ይመዝገብለት። «ካሊፎርኒያ» ብቻ ማለቱ ፍሬው ከየትኛውም የግዛቱ ክፍል ሊመጣ ይችላል ማለት ነው። ስለዚህ ጠርሙሱ ላይ ከተሳለው ሽማግሌ የድሮ መሬት ስንቱ እንደመጣ ከዚህ ወረቀት አይታወቅም። ግን አብዛኛውን ራሳቸው አፍልተውታል። ዝርዝሩን ሲጠየቁ ከነመቶኛው ሰጥተዋል። ፍሬዎቹም ጋሼ ገለታ የጻፉልህ የድሮዎቹ አራቱ ናቸው፣ አንድ በአንድ። አለቃህ ዝም ብሎ አልገዛውም።

ውርርዱ ላይ አልፈርድም፤ ዳኛ ሆኜ የሁለታችሁንም ጠላትነት አልፈልግም። ይህንን ልበል። አብዛኛው ሬድ ብሌንድ ተጠጥቶ እንዲያልቅ ነው የሚሠራው፤ ማስቀመጥ አያሻሽለውም። ያንተ ግን ፔቲት ሲራው ብዙ ነው። ያ አፍ የሚያደርቀው ታኒን እንደ ጨው ነው፣ ያቆያል። በደንብ ከተቀመጠ አራት ዓመት አይገድለውም። ኮምጣጤ አይሆንም፤ ኮምጣጤ የሚሆነው አየር ሲገባው ነው። እንጆሪው ግን ይቀንሳል፣ የደረቀ ፍራፍሬና የቆዳ ሽታ ይተካዋል። ያንን የማይወድ ሰው ተበላሸ ይላል። ስለዚህ ከባለቤትህ ጋር «ተበላሸ» ማለት ምን ማለት እንደሆነ አሁኑኑ ተፈራረሙ።

ፍሪጅ አናት ላይ ስንት ቀን ቆየ?

ናሆም_የማታው

ዘጠኝ ቀን።

የሴላሯ_ልጅ

እሺ፣ ያልፋል። ቡሹ ወደ ላይ ገፍቶ ወይም አንገቱ ላይ ቀይ ነገር አዝቶ እንደሆነ እይ። ካልሆነ ደህና ነው።

ምርቃቱ ሲደርስ ከአንድ ቀን በፊት ቀጥ አድርገህ አቁመው፣ አተላው ታች ይውረድ። ሞቅ ባለ ቤት አታቅርበው፤ 16 እስከ 18 ዲግሪ ይበቃዋል። ከመጠጣቱ በፊት ግማሽ ሰዓት ፍሪጅ ውስጥ ብታስገባው እንኳ አይከፋም። ውስጥ ነው ያልኩት፣ አናቱ ላይ አይደለም። ስትከፍተው ቀስ ብለህ፣ ሳታቋርጥ፣ ወደ ማንቆርቆሪያ ገልብጠው። አንገቱ ላይ ጥቁሩ ሲመጣ ካየህ አቁም። የመጨረሻዋን ሁለት ጣት ተዋት።

ዝምተኛው

የበጓን ፎቶ ለጥፊልን።

ናሆም_የማታው

ቡሹን አየሁት፣ ደህና ነው። አሁን ቁምሳጥን ሥር በክረምት ጫማ ሳጥን ውስጥ ተጋድሟል። ባለቤቴ ሳጥኑ ላይ በማርከር ቀኑንና «እንዳይነካ፣ የዕቃ ማጠብ ጉዳይ ነው» ብላ ጽፋበታለች።